በጣሪያችን ላይ የሚያርፈው የከሰዓት ጥላ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ሐምሌ 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለአምሀ፤
ድሬዳዋ

አምሀዬ፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? እህትህ ታሽልሃለች ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያልክ ትደብቃታለህ? እኔ ደህና ነኝ። የዘንድሮው ሙቀት ግን ለጉድ ነው። ኻምሲኑ መንፈስ ከጀመረ ወዲህ በር የከፈተ አቧራ ይበላል፣ የዘጋ ደግሞ ይቀቀላል።

የጭነት መኪና ሹፌሩ ጉዲና መልእክትህን አድርሶልኛል። ምስኪን፣ ለሰው ሚስት እንዲህ ያለ ነገር መናገር ጨንቆት ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። «እቴ ስርጉት፣ አምሀ ፍሪዘሩንና የሶላር ፓኔሎቹን ጭነህ አምጣልኝ ብሏል። እሷም ከፈለገች አብራህ ትምጣ ብሏል» አለኝ። ከፈለገች! ይቺን ቃል አንተ ነህ ያልካት ወይስ ጉዲና ከራሱ ጨመራት እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ መሰለህ። ነገ ከወደብ ጭኖ ሲወጣ በእኛ በር ያልፋል፤ መኪናው ላይ ለፍሪዘሩ ቦታ አስቀርቷል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህና ተቆጥተህ ጨርስ፤ ቀሪውን ረጋ ብለህ ታነበዋለህ። ፍሪዘሩ አይጫንም። ፓኔሎቹም ከጣሪያ አይወርዱም። የበረዶ ቤታችንን አልዘጋም። አሁን ምክንያቴን ስማ።

አንተ የሄድከው ረመዳን ሊገባ ሲል ነበር። ዓሣ ነጋዴዎቹ ያዘዙት በረዶ ቀልጦ ወለሉን ሲያጥበው «ባትሪው ሞቷል፣ በፀሐይ ታምኖ ንግድ የለም» ብለህ ሻንጣህን ያነሳህ ቀን። ከዚያ ጾሙ ገባ። ምን ሆነ መሰለህ? በረዶው ጠጠረ! አመሻሽ ላይ ስመታው እንደ ድንጋይ እጄን ይመልሰዋል። ለማፍጠሪያ ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈልገው ሰው በራችንን ሞላው። የአከራያችን ሚስት ነጃት «የጾሙ በረከት ነው፤ አንቺ ክርስቲያኗም ደረሰሽ» ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ፤ በረከት ማን ይጠላል? ግን ዒድ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ በረዶው እንደገና ማላብ ጀመረ። በረከት እንዲህ ቀን ቆጥሮ ይሄዳል እንዴ? አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አጥቤ ያሰጣሁትን አንሶላ ነፋሱ ሊወስድብኝ ሆነ። እንደምታውቀው ጫት ከገባ በኋላ ጣሪያው የወንዶች ነው፤ በርጫቸው ላይ ሴት አትወጣም። ምን ላድርግ፣ አፈር ስሆን ብዬ ወጣሁ። አከራያችን ሀጂ ዓብዱሰመድ ከነጓደኞቻቸው በዚያ ሰማያዊ ሸራ ስር ትራስ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ነፋስ አዙረው ይቅማሉ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። የሸራው ጥላ ከጀርባቸው ተንሸራትቶ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ፓኔሎቻችን ላይ! ሁለቱ ጭልም ብለዋል። የአንዱን ጥግ ደግሞ ከዒድ ወዲህ የተተከለው አዲሱ የውሃ ታንከር ሸፍኖታል። በረመዳን ሸራው ተጠቅልሎ ነበራ፤ ማን በቀን ይቅማል!

አንሶላዬን አቅፌ ብቻዬን ሳቅሁ። አምሀ፣ አንተ ቆርቆሮው ሳይግል ብለህ ጠዋት ጠዋት መለኪያህን ይዘህ ትወጣና «ፓኔሎቹ ጤነኛ ናቸው» ትላለህ። ከሰዓት ደግሞ እዚያው ሸራ ስር ከሀጂ ጎን ትቀመጥና ስትወርድ «ባትሪው ሞቷል» ትለኛለህ። ለጥላው ጀርባህን ሰጥተህ ተቀምጠህ እኮ ነው!

አትቆጣ፣ ቀጥል።

ወደብ አካባቢ መጋዘኖች ላይ ሶላር የሚገጥመውን ከይረዲንን አስጠራሁት። አይቶ «ኦፕቲማይዘር የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፤ ከእያንዳንዱ ፓኔል ጀርባ ይታሰራል፣ ጥላ ላለበት ጣሪያ ነው» አለኝ።

«ጥላውን ያበራዋል?» አልኩት።

«ወላሂ፣ ጥላ የሚያበራ ነገር ባገኝ እዚህ ቆርቆሮ ላይ ምን ያቃጥለኛል?»

የገባኝን በአንተ በሹፌሩ ቋንቋ ልንገርህ። የእኛ ፓኔሎች በአንድ መስመር ነው የተያያዙት። በጋላፊ መንገድ ዳገቱ ላይ አንድ የደከመ መኪና ከፊት ሲያዘግም ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮት ያዘግም የለ? ጥላ ያረፈበት ፓኔልም ሌሎቹን እንደዚያ ይይዛቸዋል። ሳጥኑ ለእያንዳንዱ መኪና የራሱን መንገድ እንደ መስጠት ነው፤ ጤነኛው በፍጥነቱ ይሄዳል። ሞተሩ የጠፋ መኪና ግን መንገድ ሁሉ ቢለቀቅለት እዚያው ነው።

ከይረዲን ለሙከራ ገጠመልኝ። ጠዋት ለካን፤ ምንም የጨመረው የለም። ነጃት ከደረጃው ሆና «ይኼ ሁሉ ሳጥን ለጌጥ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «ከሰዓት እናያለን» አልኳት፤ የጠዋት ልኬት እንዴት እንዳሳሳተን አውቃለሁና። ከሰዓት በርጫው ሲደምቅ እንደገና ለካን። ፀሐይ ላይ ያሉት ፓኔሎች ጉልበታቸው ተመልሷል፤ ቀድሞ በዚያ ሰዓት ከሚመጣው እጅግ የተሻለ ነው። ሸራው ያጨለማቸው ሁለቱ ግን ያው ጠብታ ብቻ። አመሻሽ ላይ ፍሪዘሩን ስከፍት ላዩ ቆዳ ሠርቷል፣ ውስጡ ውሃ ነው።

ለዓሣ ነጋዴ ቆዳ የሠራ ውሃ አይሸጥለትም። ስለዚህ በማግስቱ ከሰዓት እንደገና ጣሪያ ወጣሁ። ያለ አንሶላ።

«ሀጂ፣ ሸራውን ወደ ደረጃው በኩል ያዙሩልኝ» አልኩ።

«ማዳም ስርጉት፣ ይህ ሸራ ከፓኔልሽ በፊት እዚህ ነበር» አሉኝ፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ።

«ፀሐይዋ ደግሞ ከሸራዎ በፊት ነበረች፣ ሀጂ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን «ነፋሱ ከዚህ ነው የሚመጣው፣ የትም አልሄድም» አሉ። ክርክር አልጨመርኩም። ወርጄ ጠዋት ፍሪዘሩ ውስጥ ሞልቼው እስከዚያ ሰዓት ለብ ብሎ የቀረውን ውሃ በጆግ ቀድቼ አመጣሁና መካከላቸው አስቀመጥኩት። ቃሚ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። ያ ሽማግሌው ሹፌር ባንቴ ቀድሞ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«ምንድን ነው ይኼ? ለሻይ ያፈላሽው ነው?»

«ጥላችሁ ያቀዘቀዘው ውሃ ነው፣ ጋሼ ባንቴ። ከነገ ጀምሮ የምትጠጡት ይኸው ነው።»

ሁሉም ጆጉን አዩ። ከዚያ ባንቴ «ሀጂ፣ ነፋስ አይጠጣም። ሸራህን አንሳ» አለ። ሀጂ አጉረመረሙ፣ በሱማሌኛም አንድ ነገር አሉ፣ እኔ አልሰማሁም። ገመዱን ግን ሲፈቱ በዓይኔ አየሁ።

አሁን ሸራው ደረጃው በኩል ነው። የታንከሩ ጥላ ቀርቷል፤ እሱን ማንሳት አይቻልም። ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ከይረዲንን ሳጥኖቹን አስፈታሁት። የታንከሩ ጥላ ብቻውን ከሰዓት በኋላ አደከመን። አስመልሼ አሳሰርኳቸው፤ በረዶው ጠጠረ። እንግዲህ ሳጥኑ ሥራውን ይሠራል፤ ፀሐይ ግን አይፈጥርም። የሚነሳውን ጥላ እኛ ማንሳት አለብን፣ የማይነሳውን ደግሞ ሳጥኑ ይችለዋል። ዓሣ ነጋዴዎቹ ተመልሰዋል፤ ትናንት የወሰዱት በረዶ ገበያ እስኪፈታ አልቀለጠም ብለው ላኩብኝ።

ጉዲና ነገ ሲመጣ ይህን ደብዳቤ እሰጠዋለሁ፤ ሌላ ምንም አላስጭንም። እንዳትቀየመው፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው «አምሀ የት ሄደ?» ሲለኝ «ረጅም ጭነት ይዞ ወጥቷል» እላለሁ። ሀጂ አምነዋል፣ ባንቴም አምኗል። ነጃት ብቻ አንድ ቀን ውሃ ልትወስድ መጥታ «ሻንጣ ተሸክሞ በእግሩ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ጭነቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ይመለሳል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ውሃዋን ይዛ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህም አልጠየቀችኝም። እኔም «ይመለሳል» ያልኩትን ቃሌን አልቀየርኩም።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። እህትህን ሳምልኝ።

ባለቤትህ፣
ስርጉት