እናታችንና የአምቡላንሱ እባብ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ መሐሪ፤

ስልክ በማይገባበት ገዳም ሆነው ብርዱ እንዴት አድርጎዎት ይሆን? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ደቀ መዛሙርትዎ በርትተዋል ወይ? እኛ ለመድኃኔዓለም ክብር ይግባውና ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ማስቀደሜ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፤ እናታችን ታማ ነበር፣ አሁን ተሽሏት ቤቷ ገብታለች።

የገብሱ አጨዳ በተጀመረ ሰሞን የሳንባ ምች ጣላት። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሳይ ነርስነቴ ሁሉ ጠፋኝ። ከምሠራበት ጤና ጣቢያ አምቡላንስ አስመጣሁና ደግፈን እስከ መኪናው አደረስናት። እግሯን ልታነሣ ስትል ግን በጎኑ ላይ የተሳለውን፣ በበትር ላይ የተጠመጠመውን እባብ አየች። «የቀደመው እባብ ሆድ ውስጥማ አልገባም!» ብላ መሬት ቁጭ አለች።

አብሮኝ የመጣው ጤና መኮንኑ ደምሌ ሊያባብላት ብሎ ነገሩን አባሰው። ሥዕሉ የሰይጣን ሳይሆን የጥንት ግሪኮች የፈውስ አምላክ ብለው ያመልኩት የነበረው የአስክሊፒዮስ ምልክት ነው አላት። «ጭራሽ ጣዖትም አለበት?» ብላ ፊቷን አዞረች።

የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ገብርኤልን አስጠራሁ። እሳቸውም ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ የጌታ ምሳሌ እንደሆነ፣ ያየውም ሁሉ እንደዳነ አስረዷት። እሷ በዚያ ትንፋሿ፣ «ኋላ ሕዝቡ ቢያጥንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባብሮት የለም ወይ፣ አባቴ?» አለቻቸው።  እኔም ማንን ልስማ?

በመጨረሻ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው በቃሬዛ ተሸከሟት። ባዶው አምቡላንስ ከኋላችን ያዘግማል፤ እኔ ኦክስጅኑ እዚያ መኪና ውስጥ ተገጥሞ እንዳለ እያወቅሁ ከቃሬዛው ጎን እያለቀስሁ እሮጣለሁ። ስንደርስ ራሷን አታውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኃኒቱ ሠራላት።

ድና ስትወጣ ያንኑ እባብ በጤና ጣቢያው በር ላይ አየችው። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ፣ ቆም ብላ፣ «መሰረት፣ ይህ ባለ እባብ ቤት አዳነኝ ብል ክህደት መሰለኝ፤ አላዳነኝም ብል ደግሞ በሐሰት መመስከር ነው። ምን ልበል?» አለችኝ።

ይኸው ጥያቄዋን ለእርስዎ አመጣሁት። ሔዋንን ያሳታት እባብ፣ ሙሴ የሰቀለው እባብ፣ ጌታ «እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ» ያለን እባብ፤ ጋሼ፣ አንድ ፍጥረት እንዴት ይህን ሁሉ ይሆናል? ስንት ዓመት በዚያ በር ስገባና ስወጣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር ግራ ይገባኛል። ሳንባዋ እንደገና መታየት አለበት፤ እሷ ግን መጻሕፍት የተማረው ልጄ ሳይጽፍልኝ ንቅንቅ አልልም ብላለች።

ባለቤቴ ሞላ እጅ ይነሣል። ልጃችን ራሄል ጉልበትዎን ትስማለች። አባ ወልደ ገብርኤል በጸሎትዎ አስቡኝ ብለዋል፤ መልሱን እሳቸውም ይጠብቃሉ። እናታችን ደግሞ ናፍቆቷን ከነገረችኝ በኋላ እንዲህ በይው አለችኝ፦ «ቶሎ ጻፍልኝ። እንድታከም ብለህ ግን እንዳትዋሸኝ።»

እህትዎ መሰረት
ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.