ሃያ አንድ ሴንቲ ዳንቴል

ጥር 6
ከሥራ ደክሞኝ ገባሁ። አማቴ ለክቡ ጠረጴዛ ልብስ ዳር ዳሩን ዳንቴል ሊሠሩለት ተነሥተዋል። “ስንት ይበቃዋል፣ ልጄ?” አሉኝ። ጨርቁን መሃል ለመሃል ለካሁት፤ ሜትር ከሃምሳ። ዙሪያው የዚህ ሦስት እጥፍ ከምናምን ነው... ምናምኑን አሁን ማን ያስላ? “አራት ሜትር ተኩል” ብያቸው ወደ ድስቴ።

ጥር 29
መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ኪሮሻቸውን ያሯሩጣሉ። ዓይናቸውን እያሹ። እንዴት ያለ እጅ ነው!

የካቲት 17
ዛሬ ዳንቴሉን ጨርቁ ላይ መስፋት ጀመርን። ዞሮ ዞሮ ሊገጥም ሲል... አጠረ። አማቴ ጎተቱት፣ ደግመው ጎተቱት። “ሜትሩን አሳስቼ አይቼው ይሆናል” አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። ባለቤቴ ቀበል አድርጎ፣ “እማዬ፣ ዓይንሽ እኮ ደክሟል።”
እኔስ? መርፌዬን እያየሁ ዝም።
ማታ አሰላሁት። ሜትር ከሃምሳው በሦስት ነጥብ አንድ አራት ሲባዛ አራት ሜትር ከሰባ አንድ። ሃያ አንዷን ሴንቲ የበላኋት እኔ ነኝ።

የካቲት 19
ባሰ። ባለቤቴ እናቱን ከምድጃ ከለከላቸው። “እሳት ላይ ብትሳሳቺስ?” አላቸው። ኪሮሻቸውን ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት።
አሁን ልናገር ስል ምላሴ ተሳሰረ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 20
ራት ላይ ልናገር አፌን ከፈትኩና፣ “ጨው አቀብሉኝ” አልኩ።

የካቲት 22
ቁርስ ላይ፣ ባለቤቴ ባለበት አወጣሁት። “እማማ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። ልኬቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለትም አውቄ ዝም አልኩ።”
ሻያቸውን አስቀመጡ። “ይህን ሁሉ ቀን ዕውር ስባል እያየሽ?”
አቀረቀርኩ። ልጃቸውም አንገቱን ደፋ። ተነሥተው ምድጃውን ራሳቸው ለኮሱት። ደፍሮ የከለከላቸው የለም።

የካቲት 30
ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ሌላ ወሬ የለም። ይገባኛል...

መጋቢት 12
ከቀናት በፊት ኪሮሹን እጄ ላይ አኑረው፣ “የበላሽውን ራስሽ ሥሪው” ብለውኝ ነበር። ሠራሁት። ጠማማ፣ ዓይኑ የሰፋ፣ ከእሳቸው ሥራ ጋር የማይገናኝ። ዛሬ ጠረጴዛውን አለበሱትና ጠማማውን በእኔ ወንበር በኩል አዞሩት። ሆን ብለው ነው። ፈገግ ያሉም መሰለኝ።
ከሰዓት ደግሞ ክቧን በርጩማ ሊያለብሷት ተነሡ። ሜትሩን ላነሳ ስል እጄን መታ አደረጉኝ። ክር አውጥተው በርጩማዋን ዙሪያዋን አዞሩባት።
“አንቺ ጫፉን ብቻ ያዢልኝ” አሉ።
ያዝኩላቸው።