በጋሳይ ኬላ ከመኪና ስለ ወረደው የሙሽራ አጀብ

ለክቡር አቶ ፈንታሁን
የንጹሕ ገበያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር

«ሰውየው ፌስታል ሲያዩ ያማቸዋል» ብለው ቅቤ ተራ የተቀመጡ ሴቶች ሲጫወቱ ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክቡርነትዎ ጤና እንቅልፍ ነሥቶኛል። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልዎ፤ ከባለቤትዎና ከአዲሶቹ ሙሽሮች ጋር እንደምን ሰነበቱ? እኛ መመሪያዎን በማክበር ላይ ስለምንገኝ ደኅና ነን።

የምጽፈው ለምስጋና ነው። በአደባባይ የተዋለልንን በጓዳ ማመስገን ነውር ስለ መሰለኝ ደብዳቤውን ለሁሉም ግልጽ አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፦ ማንም ሰው ፌስታል ይዞ ቅዳሜ ገበያ እንዳይገባ አዘዋል። ባለቤቴ ወይዘሮ ዝናሽ ዐቢይ ጾምን ሙሉ፣ ወተት በማይቀመስበት ጊዜ፣ እየናጠች ያጠራቀመችውን ቅቤ ሸጣ ለድግሳችን የጎደለውን ልትገዛበት በፌስታል ይዛ መጣች። እርስዎ ቆመው እያዩ ዘበኛው ካሳሁን ፌስታሉን ገልብጦ ወሰደው፤ ቅቤውን ግማሹን በነጠላዋ ተቀበለችው፣ ግማሹን መሬት ተቀበለው። እርስዎም በኮባ ጠቅልሎ ወይም በቅል አድርጎ መምጣት የአባቶቻችን ጥበብ መሆኑን በድምፅ ማጉያ አስተማሯት። ሰው ሳቀ። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን። በኋላ ያደሉን መፈክር የታተመበት የጨርቅ ከረጢትም ደርሶናል፤ እያንዳንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ስለ መጣ አልቆሸሸም።

፪ኛ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ከኬላው ወዲህ እንዳያልፍ፣ ሁሉም በእግሩ እንዲገባ፣ «ለማንም የማይታጠፍ» ብለው ፈርመዋል። እርስዎ በመኪና የሚገቡት ለቁጥጥር መሆኑን እናውቃለን፤ ተቆጣጣሪ ከእግረኛ መፍጠን አለበት።

፫ኛ፦ ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን የሥራ ሪፖርት ነው። ከፋሲካ በኋላ በዋለው አንድ ቅዳሜ ወንድ ልጅዎን መዳርዎን አገር ያውቃል። በዋዜማው ካሳሁን ዘንድ ሄጄ መመሪያውን ከነፊርማዎ አነበብሁለት፤ ነገ ኃላፊው ሊፈትኑህ ይችላሉና እንዳትሸነፍ አልሁት። ታማኝ ሰው ነው። በማግስቱ ሙሽራዋን ይዘው የተመለሱትን የሙሽራውን መኪኖች በሙሉ ወደ ጋሳይ በሚያስወጣው ኬላ ላይ አቁሞ፣ ሌሊት የዘነበ ጭቃ ላይ ከነሚዜው ከነአጃቢው አወረዳቸው። የላስቲክ ውኃ የጫነውን አይሱዙም መለሰው፤ ቢያዩት እንደሚያምዎ አስጠንቅቄው ነበር። እኔ በዕለቱ ጉዳይ ከቤቴ አልወጣሁም፤ ያዩት ግን ነግረውኛል። መኪኖቹን ሊያስለቅቁ የመጡት እርስዎ ካሳሁን ፊርማዎን ሲያሳይዎ ሱሪዎን ሰብስበው፣ ጫማዎን በእጅዎ አንጠልጥለው፣ አጀቡን በቅቤ ተራ በኩል እየመሩ ወደ ድንኳንዎ ወስደዋል። አየሩም እጅግ ንጹሕ ነበር አሉ። ሰው ሳቀ።

አንዲት የመመሪያዎ መስመር እንኳ ሳትፈጸም እንዳትቀር ወደፊትም በትጋት ከጎንዎ ለመቆም ቃል የሚገባ፣

የክቡርነትዎ የዘወትር አክባሪ
ይሻው ማሩ

ማስታወሻ፦ ካሳሁን የወሰደውን ፌስታል ካላስቸገርንዎ ለዝናሽ ይመልሱላት። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ሙሽራዋ ቤዛዊት ልጃችን ናት። በቅቤው ሊገዛላት የነበረው ጫማ ስለ ቀረ፣ ያን ቀን የተጫማችው የጠበባት የተውሶ ጫማ ነበር። ለመልስ ስትመጣ እግሯን ያጠብሁት እኔ ነኝ።