የጨንቻ ምክር በአርባ ምንጭ ፀሐይ

ሐሙስ፣ ጥር 21

የሚስቴ ወንድም ዛሬ ደሜን አፈላው። ስፕሬይ ቀለሙ ጠብታ እየተፋ ቢያስቸግረኝ ጨንቻ ደወልኩለት። “ጣሳውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው” አለኝ። እሱማ በደጋው ብርድ ቀኑን ሙሉ ጋቢ ደርቦ የሚውል ሰው ነው! እኔ ጅሉ የት እንዳለሁ ረስቼ፣ በዚህ ጠራራ ፀሐይ፣ ቀድሞም የሚያቃጥለውን ጣሳ ነከርኩት። ቀለሙ ገና አየር ላይ እያለ ደርቆ፣ ለእሱው ሠርግ ስጦታ ብዬ ሁለት ወር የጠረብኳት ትንሿ የዓባያ ጀልባ ላይ እንደ አሸዋ ተበተነ። መልሼ ደውዬ ብነግረው ሳቀ።

“እኛ ጋ ግን ይሠራል እኮ፣ ጋሼ!”

በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ እንደገና ልቀባት እችላለሁ፤ ሁለት ቀን አለኝ። አልነካትም። እሁድ ሠርጉ ላይ እንደሻከረች እሰጠዋለሁ። በዳሰሳት ቁጥር ይሳቅ።