በውሃችን የሚበራው መብራት

ልጄ አብዱልሀሚድ፣ ባለህበት በዓደን አላህ ከክፉ ሰው ዓይንና ከባሕሩ ሐሩር ይሸሽግህ። ነጋዴ በመጣ ቁጥር ስላንተ እጠይቃለሁ። እኔ እናትህ ኩብራ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፤ የእህትህ የአፊፋም ሳል ተሽሏታል።

ጣሊያኖቹ ወንዛችንን ከላይ ገድበው ለአንኮበር መብራት አወጡበት። ከታች ያለነው የአልዩ አምባ ሰዎች ማሳችን ደረቀ፤ ሽንኩርቱ በቁሙ ተቃጠለ። የውሃ ተራው የተነጠቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። የመስኖውን ተራ የሚደለድለው የውሃ ዳኛችን ዓብዱ እንደ ልማዳችን እርጥብ ሣር ይዞ፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ ለእርቅ ወደ ግድቡ ወጣ። ዘበኛው ሣሩን ተቀብሎ ለበቅሎው አበላው! ሽማግሌዎቹን በአለንጋ መለሷቸው፤ ዓብዱን ግን አስረው አስቀሩት። እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

ትናንት አጎትህ አብዱልጀሊል መጥቶ፣ እሱ ለሚጠብቅልህ የአንኮበር ሱቅህ ያንን መብራት እንዲያስገባልህ ማዘዝህን በደስታ ነገረኝ። ተው ብለው፣ «እኛ ባንገዛው ሌላው ይገዛዋል፤ ውሃው እንደሆነ አይመለስ» ይለኛል። የሰው ተራ የሚሰርቅም እንዲሁ ነው የሚለው! አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የጎረቤት ውሃ በስህተት ማሳችን ሲገባ ሮጦ ይዘጋው ነበር፤ አካፋውን የምታቀብለው አንተ ነበርክ።

አላህ ሪዝቅህን፣ እንጀራህን፣ ሐላል ያድርግልህ፣ የኔ ጌታ። እባክህ ለአጎትህ «ተው» ብለህ ጻፍለት። ሱቅህ ተራራው ላይ ሲበራ ከዚህ ከታች ይታያል፤ የዓብዱ ሚስት ደጅ ደግሞ ወደዚያው ነው የሚያየው። «ያ መብራት የማን ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?