ጫማዬን እንድሰቅል ስለተላከልኝ ወረቀት

ለክቡር ሚስተር ዊትፊልድ ክራንደል
የቶሊዶ መስታወት ሠሪዎች የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቶሊዶ፣ ኦሃዮ

ጉዳዩ፦ ሳልጠይቅ የተዘጋጀልኝን የክብር ስንብት ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ እንዴት ናቸው? ከሐይቁ የሚነሳው የመስከረም ነፋስ መገጣጠሚያዎን እንዳይነካብኝ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ወገቤም ደህና ናቸው፤ ይህን የምገልጸው ለሰላምታ ወግ ብቻ ብዬ ሳይሆን፣ የላኩልኝ ወረቀት ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ወገቤ እንደደከመ ስለሚናገርና ይህን ዜና ከወገቤ በፊት ከእርስዎ በመስማቴ ትንሽ ስለደነገጥኩ ነው።

ፊቴን ባያስታውሱት አይፈረድብዎትም። ዴሪል ኮናርስኪ እባላለሁ፤ በክለብዎ ውስጥ አጎንብሼ ኳሱን በእግሮቼ መካከል ወደ ኋላ፣ ለሚለጋው ሰው የምወረውረው ተጫዋች ነኝ። ለዘጠኝ ዓመት ዓለምን ተገልብጣ ሳያት ኖሬአለሁ። የእኛ ሥራ አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ኳሱ በደህና ከደረሰ ስምህን ማንም አያነሳም፣ ከተበላሸ ግን አገር ምድሩ ስምህን ያውቃል። እኔም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሜ በድምፅ ማጉያ አንድም ጊዜ ስላልተጠራ፣ ራሴን እንደ ጨዋ ሰው ስቆጥር ቆይቻለሁ። ላደረጉልኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን ከዚህ በታች በቁጥር ለማቅረብ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ. ስለ ምልመላው ቀን አመሰግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩበት ዓመት ክለቦቹ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጠው ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ወጣቶችን በየስማቸው እየጠሩ ሲመርጡ፣ አባቴ ቺስተር ኮናርስኪ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ፣ የፖላንድ ቋሊማ ጠብሶ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ሦስቱንም ቀን ተቀምጧል። ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኸ። አክስቴ አማተበች፤ የደወለው የጥርስ ሐኪሙ ቢሮ ነበር፣ ቀጠሮዬን ሊያስታውሰኝ። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የእርስዎ ቢሮ ደውሎ «ማንም ያልወሰደህ ከሆነ መጥተህ መሞከር ትችላለህ» ሲለኝ ግን ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን ይዤ ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ሰው እኔ ነኝ።

2ኛ. ስለ ፕላስተሩ አመሰግናለሁ። የተመረጡት ልጆች ስማቸው በመደርደሪያቸው ላይ በብረት ተቀርጾ ሲጠብቃቸው፣ የእኔ በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ የራስ ቁሬ ላይ ተለጥፎልኛል። የማሊያዬን ቁጥር ደግሞ ከአንድ ተከላካይ ጋር እንድካፈል ስለተደረገ፣ አሠልጣኙ «አርባ ሰባት!» ብሎ በተቆጣ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጥ ነበር፤ ብቻውን ከተሰደበ ሰው ይልቅ ጓደኛ ያለው ሰው ይሻላል። ፕላስተሩ ያለ ምንም ችግር እንደሚላጥ ስላረጋገጡልኝም እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. ስለ ሚስተር ኤልሮይ ፒንክኒ በተለይ አመሰግናለሁ። እኚህ ሽማግሌ የክለብዎ የስንብት መልእክተኛ መሆናቸውን ተጫዋች ሁሉ ያውቃል፤ ጠዋት በር አንኳኩተው «አለቃ ይፈልግሃል፣ ታብሌትህን ይዘህ ና» ካሉ ነገሩ አልቋል፣ ምክንያቱም የጨዋታ ዕቅዱ ያለው ታብሌቱ ላይ ነው፣ ያንን ሳያስረክብ ከግቢው የሚወጣ ሰው የለም። እኔ ጋ አሥራ አንድ ጊዜ መጥተዋል። አሥሩን ጊዜ፣ አንዳንዴ በሁለተኛው ቀን፣ አንድ ሰው ታምሞ ወይም ቦታ ተለቆ መልሰው ራሳቸው ይደውሉልኝና «ዴሪል፣ ደግሞ እኛ ነን» ይሉኛል። አምስተኛው ስንብት ላይ ባለቤቴ ጆሊን ቁርስ ጋብዛቸዋለች፤ በሰባተኛው የአዝሙድ ከረሜላ ይዘውላት መጡ፤ በአሥረኛው ደግሞ «እኔ እኮ ከቤተሰብ ይልቅ እናንተን ነው የማየው» ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የእኔ የጨዋታ ዕቅድ «ወደ ኋላ ወርውር» ከሚል አንድ ትእዛዝ በላይ አልነበረውም፤ ያም ሆኖ ምስጢሩ እንዳያመልጥ አሥራ አንድ ጊዜ ታብሌቴን ስለተረከቡኝ ለጥንቃቄዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

4ኛ. ባለፈው ሚያዝያ ብሬደን ታልማጅ የተባለውን የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በስሙ ጠርተው በአምስተኛው ዙር ስለመረጡት እንኳን ደስ አለዎት። እንደ እኔ ኳስ ወደ ኋላ የሚወረውር ሰው በምልመላ ሲጠራ አይቼ አላውቅም። ልጁ ጨዋ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ በዝናብ ቀን እጅ እንዴት እንደሚደርቅ አሳይቼዋለሁ፣ እርስዎም ልጁ እንደተማረ ወዲያው ሚስተር ኤልሮይን ልከውልኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት አባቴ አንስቶብኝ ነበር፤ እኔ ግን ስለ አለቃዬ እንዲህ ያለ ነገር በቤቴ እንዲነገር አልፈቀድኩም።

5ኛ. ስለ ፎቶግራፌ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከተሰናበትኩ በሳምንቱ በስታዲየሙ መተላለፊያ ላይ ሳይመረጡ የመጡ ተጫዋቾችን የሚያወድስ ግድግዳ አስመርቀዋል። በግድግዳው ላይ እኔ በቁመተ ሥጋዬ አለሁ፤ ከሥሬም «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አምነንበታል» የሚል ተጽፏል። ፎቶው በሥራ ላይ እንዳለሁ ከኋላ የተነሳ በመሆኑ ሕዝቡ የሚያየው መቀመጫዬን ነው። ልጎበኘው ሄጄ የመግቢያ ካርዴ ስለተዘጋ በሩ አልከፈት አለኝ፤ ዘበኛው አዝኖ በስልኩ ፎቶውን ፎቶ አንስቶ አሳየኝ።

ስድስተኛም ሰባተኛም ነበረኝ፤ ለእርስዎ ክብር ብዬ ትቼዋለሁ፤ ወደ ወረቀቱ ልምጣ።

በወረቀቱ መሠረት ለአንድ ቀን ብቻ መልሰው ያስፈርሙኛል፣ በዚያው ቀን በገዛ ፈቃዴ ጫማዬን እሰቅላለሁ፣ ማለትም ጨዋታ በቃኝ እላለሁ፣ ከዚያም በሚቀጥለው ወር በእረፍት ሰዓት ወደ ሜዳው መሃል እወጣና ስሜ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ደግነትዎ ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ እንደ እኔ ያለ ክለብ የሌለው ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ክለቦች ሰው የሚሞክሩት በዚያ ቀን ነውና። ጫማውን ለሰቀለ ሰው ግን ማንም አይደውልም። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በእኔ ሥራ አርባ ዓመት ድረስ የሚጫወት አለ፣ እጄም ገና አልተንቀጠቀጠም። ሳልሞት ተዝካሬን ስላወጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ከምግቡ ግን አልበላም።

እውነቱን ልናገርና፣ ልፈርም ነበር። አባቴ በመስታወት ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ከማሽን አጠገብ ስለቆመ ቀኝ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፤ ሐኪሙ ግራውም ከገና እንደማያልፍ ነግሮናል። በዚያ ምልመላ ስሜን ሲጠብቅ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሰው፣ አሁን ጆሮው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ እንዲሰማው ፈለግሁ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ በጣም ፈለግሁ። እስክሪብቶ ይዤ ወረቀቱን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በግራ ጆሮው በኩል ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ስምህን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ሰባ ሺህ ሰው እንዲሰማው ብዬ አላወጣሁትም፤ ለራት ስጠራህ እንድትመጣ ነው። ዴሪል! ና፣ ቋሊማው ሳይበርድ ብላ።»

ስሜ ስለተጠራ ሄጄ በላሁ። ወረቀቱን ሳልፈርምበት ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ ጥግ ላይ ያለው ቅባት የቋሊማው ነው፣ ይቅርታ።

አሥራ አንድ ጊዜ ተሰናብቶ ዛሬም ለማጎንበስ ዝግጁ የሆነው፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ፣

ዴሪል ኮናርስኪ

ግልባጭ፦
ለሚስተር ኤልሮይ ፒንክኒ (ከጆሊን ሰላምታ ጋር)
ለአቶ ቺስተር ኮናርስኪ (በግራ ጆሮ በኩል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ቅዳሜ ጽፌ ሳልልከው እሑድ ደረሰ፤ ጨዋታውን ከአባቴ ጋር በቴሌቪዥን አየሁ። ወጣቱ ታልማጅ በዝናቡ ውስጥ ሁለት ኳስ በሚለጋው ሰው አናት ላይ አሳለፈና ተንታኙ ስሙን አራት ጊዜ ጠራው፤ እኔ በዘጠኝ ዓመት ያላገኘሁትን በአንድ ከሰዓት አገኘ። አባቴ አራቱንም በደንብ ሰምቶ «ስም ሲጠራ እንዲህ ነው» አለኝ። ለልጁ ከልቤ አዝኜ ያን ዕለት ደውዬለታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ። መጀመሪያ የደወለው የኦማሃ ክለብ ነበር፣ እሺ አልኳቸው። ቀጥለው ሚስተር ኤልሮይ ደወሉና «ዴሪል፣ ደግሞ እኛ ነን፤ ጫማህን ሰቀልከው እንዴ?» አሉኝ። አለመስቀሌንና ለኦማሃ እሺ ማለቴን ነግሬ፣ ቁርስ ሲፈልጉ ቤታችን ክፍት መሆኑን ገልጬላቸዋለሁ። ኦማሃ በታኅሣሥ ቶሊዶ መጥቶ ይጫወታል፤ አባቴም ከሜዳው አጠገብ ይቀመጣል። ያን ዕለት በድምፅ ማጉያው ስሜን ካልሰሙ፣ ክቡርነትዎ፣ ሥራዬን በደህና እየሠራሁ መሆኔን በዚያ ይወቁልኝ።