ጳጉሜን ስለቆጠራችሁልን

ለእርካብ ሞተርስ አስመጪ ድርጅት
የደንበኞች እርካታ መምሪያ ኃላፊ
ለክቡር አቶ ዓምደሚካኤል
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? በእኛ በነቀምቴ ሰላምታ በአንድ ጥያቄ ስለማያልቅ፣ ቤተሰብዎም፣ ጎረቤትዎም፣ ከብት ካለዎት ከብትዎም፣ ከሌለዎት ደግሞ በግቢዎ የተደረደሩት አዳዲስ መኪኖች ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን፤ የእናንተ ደንበኛ ከመሆናችን በፊት ግን ከዚህም የተሻልን ነበርን።

በአደባባይ እንድጽፍልዎ ያደረገኝ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ስለ ዜማ ነው። ወደ መምሪያዎ ስንደውል በመስመር ላይ እንድንጠብቅ ከተነገረን በኋላ የምታሰሙን ዋሽንት እጅግ ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት ይሄድና ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የእህቴ ልጅ ሊሊሴ፣ በኦሮምኛ ኤሱማ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ ብላ የምትጠራኝ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ስትደውልላችሁ ቤተሰቡ በሙሉ ስለሚያዳምጥ፣ አሁን ባለቤቴ በቆሎ ስትፈለፍል ይህንኑ ታንጎራጉራለች፤ እኔም ባለፈው እሁድ መዝሙሩን ስቼ በእናንተ ዜማ ብገባ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ በክርናቸው ጎሸም አድርገውኛል። ስለዚህ አንድ ሁለት ዜማ እንድትጨምሩልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ የሚያስቸግር ከሆነ ስልኩን ማንሳትም እንደ አማራጭ ሊታይ ይችላል።

ስልኩ ቢነሳ ሊሊሴ ልትነግራችሁ የነበረውን እግረ መንገዴን ላንሳ። ከእናንተ የገዛቻት፣ ቆቅ ብላችሁ የሰየማችኋት ባለ ሰባት ወንበር፣ ከነቀምቴ ኡኬ ሰው እያመላለሰች የምታኖራት መኪና ናት። ባለፈው ጳጉሜ፣ በሩፋኤል ዕለት፣ እኔም ተሳፍሬ ሳለሁ፣ ከኡኬ ወደ ነቀምቴ የሚያወጣው ዳገት ላይ የሞተር ማቀዝቀዣው ፋን ቀጥ አለ። ሰማዩ ዝናቡን ያወርደዋል፤ ኦርቶዶክሶቹ ተሳፋሪዎች ወርደው የሩፋኤል ጠበል ነው እያሉ ይረሰርሳሉ፤ እኛ ጴንጤዎቹ ከውስጥ ሆነን በመስኮት እናያቸዋለን፤ በዚያ ሁሉ ብርድ መካከል የፈላው ሞተሩ ብቻ ነበር። ከሙቀቱ የተነሳ የሞተሩ ክዳን፣ ጋራዦች ቴስታታ የሚሉት፣ ተጣመመና ቆቋ በገመድ ተጎትታ ቡርቃ ጃቶ ከሚገኘው ከጂሩ ጋራዥ ገባች። በዚህ ረገድ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ዕውቀታችሁ። ሊሊሴ የሆነውን በስልክ ስታስረዳ ባለሙያችሁ አላስጨረሳትም። ዳገት ላይ አይደል፣ ሰውም ሞልቶ ነበር አይደል ብሎ ራሱ ጨረሰላትና፣ “እሱማ የታወቀ ችግር ነው፣ እህቴ” አላት። እኔ ነቢይ ያለው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚለየው የእኛዎቹ ነቢያት መከራው ከመድረሱ በፊት ይናገራሉ።

፪ኛ. ስለ ርኅራኄያችሁ። አዲስ አበባ ያሉትን የቆቅ ባለቤቶች እየደወላችሁ ጠርታችሁ ፋኑን በነጻ እንደቀየራችሁላቸው ሰምተናል። የወለጋዎቹን ያልጠራችሁን መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዳንንገላታ አስባችሁልን መሆኑን ይኸው ባለሙያ ገልጾልናል። መኪናዋን ስንገዛ ገንዘባችን ያንኑ መንገድ ሳይንገላታ በሰላም ስለደረሰላችሁ ደስ ብሎናል።

፫ኛ. ስለ ጳጉሜ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። መኪናዋ የተገዛችው መስከረም በባተ ማግስት ነው፤ ዋስትናዋም የአሥራ ሁለት ወር ነው። ዓመት ሳይሞላት ስለተበላሸች ለጥገና ያወጣችው ይመለስላት ብለን ብናመለክት፣ አሥራ ሁለቱ ወር ነሐሴ ሲያልቅ አብሮ እንዳለቀ፣ ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ወር እንደሆነች፣ በአሥራ ሦስተኛው ወር ለደረሰ ጉዳትም ድርጅቱ እንደማይጠየቅ በክቡርነትዎ ፊርማ ተገለጸልን። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጳጉሜን ወር ብሎ የቆጠራት አላየሁም። አከራይ የጳጉሜን ኪራይ አይጠይቅም፤ መንግሥት የጳጉሜን ደመወዝ አይከፍልም፤ አስተማሪ የነበረው ታላቅ ወንድሜ በየዓመቱ እነዚያን ቀናት በብድር ሽሮ ነበር የሚሻገራቸው። አገር በሙሉ እንደሌለች ቆጥሮ ሲያልፋት የኖረችውን ምስኪን እናንተ ከወሮች ተራ አስገባችኋት። የድርጅታችሁ ሠራተኞች ለዚህች ወር ደመወዝ እንደሚከፈላቸው አልጠራጠርም፤ ካልተከፈላቸው ግን ይህን ደብዳቤ እንዳያዩት ይጠንቀቁ።

፬ኛ. ይህ የእኔ ሳይሆን የጎረቤታችን የወይዘሮ ወይንሸት ምስጋና ነው። ቆቋ ስትሰበር ሊሊሴ እጇ ላይ ምንም አልነበራትም። ወይዘሮ ወይንሸት በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው የቤታቸውን ቆርቆሮ ሊያስቀይሩ ነበር፤ እኔ አንድ ክረምት ድስት ደርድሬ ባሳልፍ አልሞትም፣ አንቺ ግን እንጀራሽ ቆሟል ብለው ዕጣውን ለቀቁላት። የሊሊሴ ዕጣ ሲወጣ ሊወስዱ ነው፤ ዕጣው ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ግንቦት ገብቷል፤ እንደሚያውቁት የእኛ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም። ባለፈው ሳምንት ጣሪያው ከአልጋቸው በላይ ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ቀን እንኳ አንስተውባት አያውቁም፤ ሊሊሴ ግን በደጃቸው ላለማለፍ በታች በኩል ዞራ መግባት ከጀመረች ሰንብታለች። እኔ በሁሉም ነገር የምቀልድ ሰው ነኝ፤ በዚህ ግን አልቻልኩም።

ስለዚህ ራሳችሁ የታወቀ ነው ላላችሁት ፋንና እሱ ላበላሸው ቴስታታ የተከፈለው እንዲመለስላት እጠይቃለሁ። ገንዘቡ እኛ ቤት አያድርም፤ በቀጥታ ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለድርጅትዎ ሜዳ የሆነ መንገድ እየተመኘሁ፣ ቁጥር ከእናንተ የተማርኩ፣ በትዕግሥት ግን ላስተምራችሁ የምችል ታዛዥ ደንበኛችሁ፣

ተረፋ ባቻ
ከነቀምቴ፣ ጨለለቂ

ማስታወሻ፦ እዚህ ላይ ለክቡርነትዎ የሚሆን አንድ ተረት ልጨምር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በሩ ተንኳኳና የማላውቀው ሰው ገባ። መርጋ የሚባል የጊምቢ መምህር ነው፤ ቤታችንን ያመለከተው ጂሩ ነው። ባለፈው ጥር ከእናንተ ቆቅ ገዝቷል፤ ፋኑም ያው የታወቀው ፋን ነው። ቀድማችሁ ቀይሩልኝ ቢላችሁ ሳይበላሽ አይቀየርም ብላችሁታል፤ ዋስትናው ካለፈ በኋላ ደግሞ ቢበላሽም እንደማይቀየር ከእኛ ሰምቷል። ስለዚህ ዋስትናው ሳያልፍበት ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ሊሊሴን የተበላሸብሽ የትኛው ዳገት ላይ ነው፣ ስንት ሰውስ ጭነሽ ነበር ብሎ ሊጠይቃት ነው።

እኔ ሳቅሁ። ሊሊሴ አልሳቀችም። ዳገቱን እንደምታሳየው፣ ራሷ እንደምትነዳለት፣ ፋኑ ሲቆም ቴስታታው ሳይጣመም ሞተሩን የምታጠፋበትን ጊዜ አሁን አሳምራ እንደምታውቀው ነግራው ዋጋዋን ጠራች፤ መምህሩም ሳይከራከር እሺ አለ። ነጆና መንዲ ያሉ የቆቅ ባለቤቶችም የእሱን ውጤት እየጠበቁ ነውና ተራ ይያዝልን ብለዋል። በዚህ አያያዝ ቆርቆሮው ከእናንተ መልስ ቀድሞ ይደርሳል። መኪናዋን እንጎዳታለን ብለው አይስጉ፤ ማስታወቂያችሁ ለዳገት የተፈጠረች ስለሚላት እኛም ዳገት ልናስወጣት ነው።

ታዲያ መኪናዋ መሙላት አለባት። ጂሩ ጋራዡን ዘግቶ መጥቷል፤ ባለቤቴ ሁለት ጎረቤቶች ይዛ ከኋላ ገብታለች፤ መምህሩም በገዛ መኪናው ተሳፋሪ ሆኖ ከመሀል ተቀምጧል። ወይዘሮ ወይንሸት ደግሞ ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ወንበር ላይ ቀበቷቸውን አስረዋል፤ ለቆርቆሮዬ እኔም ልክበድበት ይላሉ። ሊሊሴም ከጎናቸው ሆና፣ ኤሱማ ቶሎ በል፣ ከሁሉም የምትከብደው አንተ ነህ እያለች ጥሩምባ እየነፋችብኝ ነው። ወንበር ባይኖርም ጠጋ ጠጋ ይሉልኛል።

ከዳገቱ ላይ እንደውልላችኋለን።